«ኢምፐተስ»ን ከሥሩ መፍታት፦ ለተማሪም ለተርጓሚም የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

ባለፈው ቅዳሜ አራት ኪሎ፣ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት በር ላይ አንዲት የሰፈራችን ልጅ አገኘችኝ። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት። የታሪክ ሃንድአውቷን ከቦርሳዋ አወጣችና ከሥሩ የተሰመረበት አንድ የእንግሊዝኛ ቃል አሳየችኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ‹ኢምፐተስ› ምንድን ነው? ስልኬ ላይ ስፈልገው አንዴ ‹ግፊት› ይለኛል፣ አንዴ ‹ተነሳሽነት›፣ አንዴ ‹ኃይል›። የቱን ልያዝ?»

ቃሉ የነበረበት ዓረፍተ ነገር ስለ 1966ቱ አብዮት ነው። የነዳጅ ዋጋ መጨመር ለሕዝቡ ተቃውሞ «ኢምፐተስ» ሰጠ ይላል። አብረን ማኪያቶ አዘዝንና አንድ ሰዓት ተኩል ያህል በዚህ በአንድ ቃል ላይ ተቀመጥን። ኑሮዬ ትርጉም ስለሆነ ይህ ቃል ብዙ ጊዜ አስቸግሮኛል። ያን ቀን የተነጋገርነውን፣ ማንም ብቻውን ቁጭ ብሎ ሊሠራው በሚችል መንገድ አስቀምጬዋለሁ።

አንደኛ፦ መዝገበ ቃላት ከመክፈታችሁ በፊት ነገሩን በዓይናችሁ እዩት

ጠዋት አንድ ሰዓት ገደማ ነው እንበል። ፒያሳ፣ ማዘጋጃ ቤቱ አካባቢ አንድ ሚኒባስ ቆሟል። ሰው ሞልቷል። ሹፌሩ ቁልፉን ያዞራል፣ ሞተሩ ትንሽ ያቃስትና ዝም ይላል። ባትሪው ሞቷል። ረዳቱ ወርዶ «ወገን፣ እስቲ አንዴ ግፉልን!» ይላል። አራት አምስት ሰው ይወርዳል። አጠገቡ የነበረ ሊስትሮም ሳጥኑን አስቀምጦ ትከሻውን ይጨምራል። ሹፌሩ ሁለተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሪሲዮን ረግጦ ይጠብቃል።

መጀመሪያ መኪናው አልነቃነቅም ይላል። ቀጥሎ ጎማው ቀስ ብሎ ይዞራል። አፍንጫው ወደ ቸርችል ቁልቁለት ሲዞር ይፈጥናል። ሹፌሩ ፍሪሲዮኑን በአንዴ ይለቃል። መኪናው ይንገጫገጭና ሞተሩ ይነሳል። የገፉት ሰዎች እጃቸውን እያራገፉ ሮጠው ይገባሉ።

እዚህ ሦስት ነገር ተፈጽሟል። ሰዎቹ ከኋላ ገፍተዋል። ሞተሩ ተነስቷል። መኪናው ደግሞ የሚገፋው ሰው ከለቀቀው በኋላም መሄዱን ቀጥሏል። ዛሬ በእንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ «ኢምፐተስ» የሚባለው በዋናነት የመጀመሪያው ነው፤ ከውጭ መጥቶ ነገሩን የሚያስጀምረው ወይም የሚያፈጥነው ግፊት። ሁለተኛው፣ ከውስጥ የሚነሳው፣ እኛ ተነሳሽነት የምንለው ነው። እንግሊዝኛው ለሱ «ሞቲቬሽን» የሚል ሌላ ቃል አለው። ሦስተኛው «ሞመንተም» ነው። በድሮው የፊዚክስ ንግግር ግን ሦስተኛውም «ኢምፐተስ» ይባል ነበር። ታሪኩ ጥሩ ስለሆነ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

ይህን ሥዕል ያዙት። ሌላው ሁሉ የሚመለሰው ወደዚሁ መኪና ነው።

ሁለተኛ፦ ፊደሉንና ድምፁን አስተካክሉ

አጭር ሥራ ነው። ሆሄያቱ አይ፣ ኤም፣ ፒ፣ ኢ፣ ቲ፣ ዩ፣ ኤስ ናቸው። ሲነበብ ጠበቅ የሚለው መጀመሪያው ላይ ነው፤ «ኢም» ብላችሁ ጫን በሉና «ፐተስ»ን ቶሎ እለፉት። ብዙ ሰው መሐሉን «ፒ» እያለ ይስበዋል። አትሳቡት።

ሦስተኛ፦ ቃሉን ለሁለት ክፈሉት

ላቲኑ «ኢን» እና «ፔቴሬ» ነው። «ኢን» ወደ ውስጥ፣ ወደ፣ ላይ ማለት ነው። «ፔቴሬ» ደግሞ ብዙ ፊት ያለው ግስ ነው፤ ወደ አንድ ነገር አቅንቶ መሄድ፣ መፈለግ፣ መጠየቅ፣ ማጥቃት። ሁሉም አንድ መሠረት አላቸው፤ ዓይንን አንድ ነገር ላይ ተክሎ ወደዚያው መንደርደር። ልመናም ጥቃትም ከዚህ ይወጣሉ።

«ኢን» የነበረው ለምን «ኢም» ሆነ? ከኋላው «ፐ» ስለመጣ ነው። ከንፈር ሲገጥም «ን» ወደ «ም» ይሄዳል። እኛም ጋ ያለ ነገር ነው። አንዱ «ዘንባባ» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «ዘምባባ»። አንዱ «እንቢ»፣ ሌላው «እምቢ»። ሮማውያንም አፋቸው ያስቸገራቸው እንደኛው ነው።

ሁለቱ ሲገጥሙ «ኢምፔቴሬ» የሚል ግስ ይሆናል። ይህን ወደ አማርኛ ለመመለስ ብዙ አማራጭ ሞክሬያለሁ። ከሁሉ የሚቀርበው «መጣበት» የሚለው ነው። አስተውሉ፤ «መጣ» ብቻውን ሰላማዊ ነው። ጫፉ ላይ «በት» ሲጨመር ነገሩ ይከፋል። ዘመተ፣ ዘመተበት። ተነሳ፣ ተነሳበት። እኛ ከግሱ ኋላ የምንቀጥለውን እነሱ ከፊት ቀጠሉት። ሥራው ግን አንድ ነው።

ስለዚህ በላቲን «ኢምፔቱስ» ማለት መጀመሪያ ጥቃት ነበር። ተንደርድሮ የሚመጣ ጦር፣ የማይመለስ ግስጋሴ። የሮማው ዩልዮስ ቄሣር በጎል፣ በዛሬዋ ፈረንሳይ አካባቢ ያደረገውን ዘመቻ ሲተርክ ወታደሮቹ ጠላት ላይ ተወረወሩ ለማለት «ኢምፔቱም ፋኬሬ» የሚል አነጋገር ይጠቀማል። ቃል በቃል «ኢምፔቱስ ማድረግ» ማለት ነው። በኛ ቢሆን ጦር ሜዳው ላይ የሚሰማው ድምፅ አንድ ነው፦ «ግፋ በለው!»

ልጅቷ ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀመጠች። «ታዲያ እኮ ‹ግፋበት› የምንለውም እሱው ነው» አለችኝ። አዎ። ጓደኛችን ሥራ ሲጀምር «ግፋበት!» እንለዋለን። «ግፋ» እና «በት»። በሁለት ቁራጭ የተሠራ፣ ጦርነትን ረስቶ ማበረታቻ የሆነ ቃል። ይህን እኔ አላሰብኩትም ነበር፤ የሷ ግኝት ነው።

አራተኛ፦ ዘመዶቹን ሰብስቡ

አንድን ቃል ብቻውን መሸምደድ አድካሚ ነው። ከቤተሰቡ ጋር ሲመጣ ግን ራሱ ይያዛል። ደግሞ የ«ፔቴሬ» ልጆች አዲስ አበባ ውስጥ በየቀኑ ከአፋችን የሚወጡ ናቸው።

«ፔቲሽን» ስንፈራረም፣ ጥያቄ ይዘን ወደ ባለሥልጣን እየሄድን ነው። መጠየቅ የሚለው ፊቱ ነው። «አፒታይት የለኝም» ስንል፣ ወደ ምግብ የሚያንደረድረን ፍላጎት የለም ማለታችን ነው። ሆቴል ገብተን ሜኑው ላይ «አፒታይዘር» የምናየው ከዚሁ ነው። «ኮምፒቲሽን» አብሮ ወደ አንድ ነገር መሮጥ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ዋንጫ ላይ ዓይኑን ሲተክል። «ሪፒት» ደግሞ እንደገና ወደዚያው መሄድ። ክፍል የሚደግም ተማሪ «ሪፒተር» የሚባለው ያንኑ በር ደግሞ ስለሚያንኳኳ ነው።

ፊዚክስ የተማረ «ሴንትሪፔታል»ን ያስታውሳል፤ ወደ መሐል የሚስብ ኃይል። ቃሉን በላቲን የፈጠረው አይዛክ ኒውተን ነው። መሐሉ ላይ ያለው «ፔታ» ያው የኛው ግስ ነው፤ ወደ ማዕከል የሚያቀና።

ሕክምና ውስጥ ደግሞ «ኢምፔቲጎ» አለ። ልጆች አፍንጫና አፍ ዙሪያ የሚወጣ፣ ማር የደረቀበት የሚመስል ቅርፊት ያለው ተላላፊ የቆዳ ቁስል ነው። ስሙ ከ«ኢምፔቴሬ» የወጣ ነው። ቆዳው ላይ የመጣበት ነገር ማለት ነው። እናት ልጇን ታቅፋ ጤና ጣቢያ ስትሰለፍ የምትሰማው ስምና፣ ጋዜጣ ላይ «ለልማቱ ኢምፐተስ» የሚባለው የአንድ ግስ ልጆች ናቸው።

ወደ ኋላ ከሄድን ይበልጥ ይገርማል። የ«ፔቴሬ» ሥር ከላቲን በፊት መፍጠን፣ መብረር የሚል ትርጉም ነበረው። በግሪክ በኩል «ክንፍ» ማለት ሆነ። «ሄሊኮፕተር» ውስጥ ያለው «ፕተር» ያ ክንፍ ነው፤ የሚሽከረከር ክንፍ። እንግሊዞች ላባን «ፌዘር» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው፤ በነሱ ወገን ጥንት «ፐ» የነበረው ወደ «ፈ» ስለተለወጠ ነው።

እዚህ ጋ አንድ ጥንቃቄ። መልክ ስለተመሳሰለ ብቻ ዘመድ አታድርጉ። «ኢምፒድ» የሚል ቃል አለ፤ ማደናቀፍ ማለት ነው። ሲያዩት የ«ኢምፐተስ» ወንድም ይመስላል። አይደለም። ያ የመጣው «እግር» ከሚለው የላቲን ቃል ነው፤ እግርን ማሰር፣ እግር ብረት ማግባት። አንዱ ይገፋል፣ ሌላው ያስራል። ተማሪ ሁለቱን አምታቶ ዓረፍተ ነገሩን ተገላቢጦሽ ሲተረጉም በዓይኔ አይቻለሁ። መለያው ቀላል ነው፤ አንደኛው ውስጥ «ቲ» አለ፣ ሌላኛው ውስጥ «ዲ»።

አምስተኛ፦ ከጦር ሜዳ እንዴት ወጣ ብላችሁ ጠይቁ

ጥያቄው ድሮ ሰዎችን ያስጨነቀ ነው። ድንጋይ ወረወርን እንበል። እጃችን ከለቀቀው በኋላ ማን ነው የሚገፋው?

አርስቶትል አየሩ ነው አለ። ከኋላ ያለው አየር እየገፋ ይወስደዋል ብሎ አስተማረ። በስድስተኛው ክፍለ ዘመን ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የሚባል የእስክንድርያ ሊቅ ይህን አልቀበልም አለ። ለዘመናት ጳጳስ ይላክልን ከነበረባት ከተማ ማለት ነው። ወርዋሪው ራሱ ለድንጋዩ ኃይል ያስይዘዋል፣ አየሩማ ያውከዋል እንጂ አይረዳውም ብሎ ጻፈ።

በ14ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ያስተምር የነበረው ዣን ቡሪዳን ለዚህ ለተሰጠው ኃይል «ኢምፔቱስ» የሚለውን ስም ተጠቀመ። የጥቃት ስም የነበረው የፊዚክስ ስም ሆነ። ቡሪዳን ያቀረባቸው ማስረጃዎች ማንም ሰው ደጁ ላይ የሚያያቸው ናቸው። ያዞሩት ትልቅ መንኮራኩር እጅ ከለቀቀው በኋላም ይዞራል፤ ቦታውን ስለማይለቅ ከኋላው ገብቶ የሚገፋው አየር የለም። ሩቅ መዝለል የሚፈልግ ሰው ወደ ኋላ ሸሽቶ ይንደረደራል፤ ሩጫው ኢምፔቱስ ይሰጠዋል። ድንጋይ ከላባ ይልቅ ርቆ የሚሄደው ብዙ ቁስ ስላለው ብዙ ኢምፔቱስ ስለሚቀበል ነው። የሚቀንሰው ደግሞ የአየሩ እንቅፋትና የራሱ ክብደት ነው።

ኒውተን በ1687 እ.ኤ.አ. የእንቅስቃሴ ሕጎቹን ሲያሳትም ሐሳቡ ተቀየረ። የሚሄድ ነገር ለመሄድ ውስጡ ኃይል መያዝ አያስፈልገውም፤ ኃይል የሚያስፈልገው አካሄዱን ለመለወጥ ነው። የቡሪዳን «ኢምፔቱስ» ከፊዚክስ መጽሐፍ ወጣ። ቃሉ ግን አልሞተም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝኛ ውስጥ ገብቶ ስለነበር፣ ስለ ሰዎች ሥራ፣ ስለ ንግድና ፖለቲካ ማውሪያ ሆኖ ቀጠለ።

ስድስተኛ፦ አማርኛውንም እንደ ላቲኑ ቆፍሩት

ብዙ ሰው ይህን ይዘለዋል። የእንግሊዝኛውን ሥር ፈልጎ ሲያበቃ አማርኛው ላይ የመጣለትን ያስቀምጣል። ለኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ደረጃ ይሄ ነው። ወመዘክር ወይም አብርሆት ገብታችሁ ለግዕዙ የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌን፣ ለአማርኛው የደስታ ተክለ ወልድን መዝገበ ቃላት ጠይቁና ጠረጴዛ ላይ ዘርጓቸው።

«ገፋ»ን ተመልከቱ። የግዕዝ ዘመዱ «ገፍዐ» ነው፤ በደለ፣ አስጨነቀ። አማርኛ መጨረሻ ላይ ያለችውን ዐይን ዋጣት። ከዚሁ ሥር «ግፍ» አለን፣ «ግፉዓን» አለን። «ጎረቤቱን ገፋው» ስንል በእጁ ገፋው ማለት ሊሆን ይችላል፣ መሬቱን ቆርሶ ወሰደበት ማለትም ሊሆን ይችላል። ላቲኑ ግፊትን ከጥቃት አወጣው። የኛውም ግፊትና ግፍ አንድ ማጀት ያደጉ ናቸው። ሁለት የማይተዋወቁ ቋንቋዎች አንድ ነገር ማየታቸው እስካሁን ይደንቀኛል።

ደግሞ «ገፋ» ክፉ ብቻ አይደለም። ወተት ይገፋል፣ ቅቤ ይወጣል። እርግዝናዋ ገፍቷል እንላለን። ቀኑ ገፋ። ዕድሜው ገፋ። ሁሉም ውስጥ ወደፊት የመሄድ ነገር አለ።

አሁን «ተነሳ»ን እዩ። ግዕዙ «ተንሥአ» ነው፤ «ትንሣኤ» ከዚያ ነው። የወደቀ ወይም የተቀመጠ ሲቆም። «መነሻ»፣ «ተነሳሽነት»፣ «አነሳሽ» ሁሉ ከዚህ ይመጣሉ። ከኋላ የሚመታ ነገር የለበትም፤ ከታች ወደ ላይ ነው። ሚኒባሱን አስታውሱ። እኛ ገፋን፣ ሞተሩ ተነሳ። አማርኛ ሁለቱን ለይቶ አስቀምጦልናል። የተርጓሚ ሥራ መለያየቱን ማክበር ነው።

ሰባተኛ፦ ዓረፍተ ነገር ውስጥ አስገቡት

እንግሊዝኛው ቃሉን ከተወሰኑ ጓደኞች ጋር ያሄደዋል። ትርጉሙም እንደ ጓደኛው ይለያያል።

«ጊቭ ኢምፐተስ ቱ» ከሆነ ግፊት መስጠት ነው፤ ግን አማርኛ ብዙ ጊዜ በአንድ ግስ ይገላገለዋል። አፋፋመው፣ አፋጠነው፣ አቀጣጠለው። ስም ፈልጋችሁ አትጨነቁ። «ኢምፐተስ ፎር» ወይም «ኢምፐተስ ቢሃይንድ» ከሆነ ደግሞ ስለ ምክንያት እየተወራ ነው፤ «ገፊ ምክንያት» ወይም «መነሻ» ይበቃል። «ኒው ኢምፐተስ» አዲስ ጉልበት፣ አዲስ መነቃቃት ሊሆን ይችላል።

«ሉዝ ኢምፐተስ» የሚለው ላይ ተጠንቀቁ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን አንድ ቢሮ ውስጥ የፕሮጀክት ሪፖርት ስተረጉም «ፕሮጀክቱ ተነሳሽነቱን አጣ» ብዬ ጻፍኩ። አርታዒያችን አዛውንት ነበሩ። በቀይ እስክሪብቶ ሰረዙትና ጠሩኝ። «ልጄ፣ ፕሮጀክት ልብ አለው እንዴ? ተነሳሽነት የሰው ነው። ይሄ ሲሄድ የነበረ ነገር ነው የቀዘቀዘው» አሉኝ። ከላይ «ሥራው ተቀዛቀዘ» ብለው ጻፉበት። ሁለት ቃል። የጎደለ ነገር የለም። ከዚያ ወዲህ ይህን ቃል ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ነው የሚገፋው፣ ማን ነው የሚሄደው ብዬ ነው።

ስምንተኛ፦ ከጎረቤቶቹ ለዩት

«ኢንሴንቲቭ» ማበረታቻ ነው፤ ሥሩ ግን መዝፈን ነው። ዜማውን የሚያስጀምር ማለት ነበር። ቀረርቶ የሰማ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። «ስቲሙለስ» ከብት የሚወጉበት ሹል ዘንግ ነበር። «ኢምፐልስ» በላቲኑ መግፋት ነው፤ ዛሬ ሳያስቡ የሚመጣ ድንገተኛ ስሜት ሆኗል። «ሞቲቭ» እና «ሞመንተም» ሁለቱም ከመንቀሳቀስ የመጡ ናቸው፤ አንዱ ሰው ልብ ውስጥ ያለ ምክንያት ሆነ፣ ሌላው የሚሄድ ነገር የያዘው ጉልበት።

ዘጠነኛ፦ ወደ መጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ተመለሱ

ማኪያቶው አልቆ፣ ወደ ልጅቷ ሃንድአውት ተመለስን። የነዳጅ ዋጋ ለተቃውሞው «ኢምፐተስ» ሰጠ። «መነሻ» ልትለው ፈልጋ ነበር።

ማን ነው የሚሄደው? አልኳት። ተቃውሞው። ነዳጁ ከመጨመሩ በፊት ቆሞ ነበር? አሰበች። ጥር 1966 ላይ ነገሌ ቦረና ያሉ ወታደሮች አምፀው ነበር። መምህራኑ በትምህርት ማሻሻያው ዕቅድ ተቆጥተው ነበር። የካቲት ላይ ነዳጅ ሲጨምር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች አድማ መቱ፣ መምህራኑም ሥራ አቆሙ፣ ከተማዋ ተናጠች። ስለዚህ መኪናው ቀድሞ መነቃነቅ ጀምሯል። ነዳጁ ትከሻውን የጨመረው ሊስትሮ ነው። «መነሻ» ካልነው ታሪኩን ቀየርነው።

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ሃንድአውቱ ጠርዝ ላይ በትንንሽ ፊደል ጻፈች፦ «የነዳጅ ዋጋ መጨመር የተጀመረውን ተቃውሞ ይበልጥ ገፋው።» አየችውና «ገፋው» የሚለውን ሰረዘች። የሕዝብ ተቃውሞ «ተገፋ» ሲባል ተበደለ ሊመስል ይችላል አለችኝ። በላዩ «አፋፋመው» ብላ ጻፈች።